«ሃይብሪድ ስለሆነ አይቀነስም» ቢሉህ

ጥያቄው፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ኡበር ነው የምሠራው፣ በዓመት ወደ 35,000 ማይል እነዳለሁ። የ2014 ካምሪዬ ስላረጀች አዲስ ቶዮታ ካምሪ ሃይብሪድ (በቤንዚንና በባትሪ የሚሄድ) ልገዛ ዲለር ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ (ስቲከሩ) 31,800 ዶላር ይላል። ሃይብሪድ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ አንድ ዶላር አይቀነስም አሉኝ። 4,000 ዳውን (ቅድሚያ) ከከፈልኩ በወር 640፣ ለ72 ወር ነው ያሉኝ። ክሬዲቴ 720 ነው። ውስጡ የ1,995 ፕሮቴክሽን ፓኬጅ እና የ2,700 ዶላር የባትሪ ዋራንቲ አለበት። ጓደኛዬ በካሽ ብትገዛ ብዙ ይቀንሱልህ ነበር፣ መንግሥትም ለሃይብሪድ ገንዘብ ይመልሳል ይላል። ሻጩ የአገራችን ልጅ ነው፣ እስከ ቅዳሜ ይዤልሃለሁ ብሎኛል። ትክክለኛው ዋጋ ስንት ነው? ምን ብዬ ልከራከር? እባክዎ ይምከሩኝ።»

ቅዳሜ አትሂድ። መጀመሪያ ይህን ሒሳብ በወረቀት ሥራው። 640 ዶላር በ72 ሲባዛ 46,080 ይሆናል። 4,000 ዳውኑን ስትጨምርበት 50,080። ለ31,800 ዶላር መኪና ከሃምሳ ሺህ በላይ ልትከፍል ነው። አንተ የጠየቅከኝ ስቲከሩ ላይ ስንት ላስቀንስ ብለህ ነው፤ ስቲከሩ ግን እዚህ ወረቀት ላይ ካለው ችግር ሁሉ ትንሹ ነው።

ቁጥሮቹን ልበትናቸው። መኪናው 31,800፣ ፓኬጁ 1,995፣ ዋራንቲው 2,700። ፕሮሰሲንግ ፊ የሚባለውን፣ ዲለሩ ለወረቀት ሥራ የሚያስከፍለውን፣ አልጻፍክልኝም፣ እዚህ አካባቢ እንደተለመደው 899 ልያዝለት። የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ነው፣ ወደ 1,440 ይመጣል። ታርጋና ምዝገባ ሲጨመር ጠቅላላው 39,000 አካባቢ ይደርሳል። ዳውኑ ሲቀነስ 35,000 ዶላር ብድር ይቀራል። 35,000 ዶላር በ72 ወር ተከፍሎ ወርሃዊው 640 የሚሆነው ደግሞ ወለዱ 9.5 በመቶ አካባቢ ሲሆን ነው። ወለዱን አልነገሩህም፣ ቁጥሩ ግን ራሱ ይናገራል። 720 ክሬዲት ላለው ሰው ይህ ብዙ ነው።

አሁን ሌላ ወረቀት እንሥራ። ያው መኪና 30,600 ላይ ይለቅ። ፓኬጅም ዋራንቲም የለም። ያው 899፣ ታክስና ታርጋ ተጨምሮ ወደ 33,000 ይሆናል። 4,000 ዳውን ትከፍላለህ፣ 29,000 በ7 በመቶ ለ60 ወር ትበደራለህ። ወርሃዊው 574 ነው። ዳውኑን ጨምሮ ከኪስህ የሚወጣው 38,450 አካባቢ። በወር 66 ዶላር ያነሰ ትከፍላለህ፣ አንድ ዓመት ቀድመህ ትገላገላለህ፣ ከ11,600 ዶላር በላይ ይተርፍሃል። ስቲከሩ ላይ ምንም ሳይቀንሱልህ 31,800ውን ሙሉ ብትከፍል እንኳ፣ ሌላው ከተስተካከለ ጠቅላላው 39,900 አካባቢ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ የዋጋ ክርክር የሚያመጣልህ 1,500 ዶላር ያህል ነው። የቀረው አሥር ሺህ ያለው ወለዱ ውስጥ፣ የወሩ ብዛት ውስጥና ጎን ለጎን በተለጠፉት ወረቀቶች ውስጥ ነው። ሕዝባችን ግን ስቲከሩ ላይ አምስት መቶ ዶላር አስቀነስኩ ብሎ ተደስቶ፣ ብድሩን የሚያፈርመው የዲለሩ ፋይናንስ ቢሮ ገብቶ ስምንት ሺህ ፈርሞ ይወጣል። ፋይናንስ ቢሮ ውስጥ ሠርቻለሁና ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያናድደኛል።

ለዚህ ነው «በወር ስንት ይመችሃል?» ሲሉህ ቁጥር መጥራት የሌለብህ። ጥያቄው ለአንተ የታሰበ ይመስላል። አንተ 500 ካልካቸው 500 ያደርጉልሃል፤ ወሩን ወደ 84 ያስረዝሙታል፣ ያልተነካ ትርፋቸውም እዚያው ይቀመጣል። 30,000 ዶላር በ7 በመቶ ለ60 ወር ብትበደር ወርሃዊው 594 ነው፤ በ84 ወር 453 ይሆናል። ቀለል ያለ ይመስላል፣ ግን ወደ 2,400 ዶላር ተጨማሪ ወለድ ከፍለሃል። አንተ ላይ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። በዓመት 35,000 ማይል የሚነዳ ሰው የ72 ወር ብድሩን ሲጨርስ መኪናው 210,000 ማይል ላይ ነው። መሐል ላይ ብትጋጭ ወይም ልሽጠው ብትል ዕዳው ከመኪናው ዋጋ በልጦ ይጠብቅሃል። ለኡበር ነጂ ረጅም ብድር ከማንም በላይ ጎጂ ነው።

ወደ ሃይብሪዱ ልምጣ። «ሃይብሪድ አይቀነስም» የሚለው ንግግር እውነት የነበረበት ጊዜ አለ። በ2021 እና 2022 በቺፕ እጥረት ምክንያት መኪና ጠፍቶ ነበር፣ ዲለሮችም ከስቲከር በላይ ብዙ ሺህ ዶላር እየጨመሩ ይሸጡ ነበር። ዛሬም አንዳንድ ሞዴሎች ላይ በከፊል እውነት ነው። የቶዮታ ሲዬና ለምሳሌ ከ2021 ጀምሮ በሃይብሪድ ብቻ ነው የሚመረተው፣ ቤተሰብ የሚፈልገው መኪና ስለሆነ ፈላጊው ብዙ ነው፤ በስቲከር ዋጋ ካገኘህ ደህና ነው። ካምሪ ግን ሌላ ነው። ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ሃይብሪድ ያልሆነ አዲስ ካምሪ የለም። ሁሉም ሃይብሪድ ከሆነ «ሃይብሪድ ስለሆነ» የሚባል ምክንያት የለም ማለት ነው። ኬንታኪ፣ ጆርጅታውን ላይ በብዛት የሚመረት ሴዳን ነው፣ ዲለሮቹ ግቢ ውስጥም ተደርድሮ ታየዋለህ።

አንድ ነገር ግን ማወቅ አለብህ። ዲለሩ የፈለገውን መኪና እንደፈለገ አያዝም፤ ፋብሪካው ነው የሚያከፋፍለው። ስለዚህ አንድ የተለየ ቀለም፣ አንድ የተለየ ደረጃ፣ ከነፀሐይ ጣሪያው ካልሆነ ብለህ ከገባህ የመከራከር አቅምህ እዚያው አለቀ። ለሥራ እስከሆነ ድረስ ዝቅተኛው ደረጃ፣ ኤልኢ የሚባለው፣ ይበቃሃል። ነጭ ወይም ብርማ ይሁን፣ ምን ቸገረህ። የኤልኢው ፍጆታ ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ የፊት ጎማ የሚነዳው በአማካይ በጋሎን 51 ማይል ተብሎ ተመዝኗል። የአንተ የ2014 ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነ 28 ነው። በአንተ አነዳድ በዓመት ከ560 ጋሎን በላይ ትቆጥባለህ፣ ጋሎኑን በ3 ዶላር ብንይዘው ወደ 1,700 ዶላር። ይህ ጥቅም እውነት ነው፣ አልክደውም። ሻጩ ግን «በቤንዚን ታካክሰዋለህ» እያለ ለፓኬጁና ለወለዱ ማስከፈያ ሊያደርገው አይገባም። የቆጠብከው ቤንዚን የአንተ ነው።

በእኔ አስተያየት ለካምሪ ኤልኢ ወይም ኤስኢ ከስቲከር ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ዝቅ ያለ ዋጋ ትክክለኛ ነው። ከስቲከር በላይ ግን ለየትኛውም ካምሪ አትክፈል።

ስቲከር ስልህ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካውን ወረቀት ነው። በ1958 በወጣ የፌዴራል ሕግ መሠረት እያንዳንዱ አዲስ መኪና ላይ መለጠፍ አለበት፣ የመኪናውን ዋጋ፣ ከፋብሪካ የመጡትን ተጨማሪዎችና የማጓጓዣውን ሒሳብ ያሳያል። ማጓጓዣው ከሺህ ዶላር በላይ ነው፣ እሱን አትከራከር፣ ለሁሉም አንድ ነው። ከጎኑ ግን ሌላ ወረቀት ተለጥፎ ታያለህ፣ ብዙ ጊዜ የፋብሪካውን ወረቀት እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ። እሱ የዲለሩ ነው። ናይትሮጅን ጎማ ውስጥ፣ የቀለም መከላከያ፣ መስታወት ላይ የተቀረጸ ቁጥር፣ የበር ጠርዝ ላስቲክ፣ እነዚህን ሰብስቦ 1,995 ብሎ ይጽፋል። የአንተም ፓኬጅ ይኸው ነው። «ተገጥሞ ነው የመጣው፣ አይነሳም» ይሉሃል። ላይነሳ ይችላል፤ ዋጋው ግን ይነሳል። ካልተነሳ ያልተገጠመለት መኪና ያለው ሌላ ዲለር አለ። (አትላንታና ደቡብ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን በተለይ አስተውሉ፤ እናንተ ጋ ቶዮታን የሚያከፋፍለው የግል አከፋፋይ ስለሆነ ገና ከወደብ ተጨማሪ ነገር ተገጥሞለት የሚመጣ መኪና ይበዛል።)

ኢንተርኔት ላይ ኢንቮይስ የሚባል ቁጥር ታገኛለህ፣ ዲለሩ ለፋብሪካው የከፈለው ነው ይላሉ። ሙሉ እውነት አይደለም። ከሽያጩ በኋላ ፋብሪካው ለዲለሩ የሚመልስለት ገንዘብ አለ፣ ሆልድባክ ይባላል፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። የወሩን ኮታ ሲሞላ የሚያገኘው ጉርሻም ይኖራል። ስለዚህ «ከኢንቮይስ በታች ከሸጥኩ እከስራለሁ» ቢልህ አትደንግጥለት፣ ግን ሆልድባክህን ስጠኝ ብለህም ጊዜህን አታጥፋ። ማንም አይሰጥህም። ዋጋ የሚያስቀንሰው የሌላ ዲለር ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው የክርክር ዘዴ አይሠራም። መርካቶ ነጋዴው ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ አንተ ግማሹን ትላለህ፣ ትሄዳለህ፣ ይጠራሃል። እዚያ የምትነጋገረው ከባለ ሱቁ ጋር ነው፣ የዕቃውን ትክክለኛ ዋጋ የሚያውቀውም እሱ ነው። እዚህ ዋጋው ታትሞ ነው የመጣው፣ የሚያናግርህ ልጅ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን የለውም፣ ያለው ልዩነትም አንድ ሁለት ሺህ ዶላር ነው። ለ31,800 መኪና 25,000 ብትለው ገበያውን እንደማታውቅ ብቻ ነው የሚገባው።

ስለዚህ ክርክሩን ከቤትህ ሆነህ በኢሜይል ጨርሰው። መጀመሪያ አንድ ዲለር ጋ ሄደህ ነድተህ እየው፣ ወንበሩ ለረጅም ሰዓት ይመችህ እንደሆነ ተቀምጠህ ፈትሽ፣ ምንም ሳትፈርም ውጣ። ከዚያ ለአምስት ስድስት ዲለር የኢንተርኔት ሽያጭ ክፍል ጻፍ። አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ብቻ አይደለም፤ ውድብሪጅ፣ ፍሬደሪክስበርግ፣ ሜሪላንድ ተሻግረህም ሮክቪልና ላውረል። ታክሱ የሚከፈለው መኪናው ለሚመዘገብበት ስቴት ስለሆነ ሜሪላንድ ብትገዛም የምትከፍለው የቨርጂኒያን 4.15 ነው። ሜሪላንድ ፕሮሰሲንግ ፊው ላይ 800 ዶላር የሕግ ጣሪያ አላት፣ ቨርጂኒያ ግን ጣሪያ ስለሌላት ወደ ሺህ የሚጠጋ ታያለህ። ዲለሩ ይህን ክፍያ ለማንም አልቀንስም ሊልህ ይችላል። ምንም አይደለም፣ መኪናው ላይ ይቀንሰው፤ አንተን የሚመለከትህ ድምሩ ነው።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። ሞዴሉን፣ ደረጃውን፣ የምትቀበላቸውን ሁለት ሦስት ቀለሞች፣ የቨርጂኒያ ነዋሪ መሆንህን ጻፍ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ አውት ዘ ዶር ዋጋ፣ ማለትም ታክስ፣ ታርጋ፣ ማንኛውም ክፍያ ተካቶ ከበሩ የምወጣበትን ቁርጥ ዋጋ መስመር በመስመር ላኩልኝ በል። በዚህ ሳምንት እንደምትገዛና የተፈቀደ ብድር እንዳለህም ጨምርበት። አንዳንዱ «መጥተህ እናውራ» ብሎ ይመልስልሃል፤ እሱን ተወው። አንዳንዱ ወርሃዊ ክፍያ ይልክልሃል፤ እሱንም ተወው። ሁለት ሦስቱ ግን ትክክለኛ ወረቀት ይልካሉ። ከመካከላቸው ዝቅተኛውን ይዘህ ቅርብህ ላለው ላክና «ይህን ትችላላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ክርክር ማለት ይኸው ነው፣ ድምፅ ከፍ ማድረግም መለማመጥም የለበትም። የወሩ መጨረሻ ላይ ቢሆን ይሻላል፣ ኮታ ለመሙላት ጥቂት መኪና የቀረው ማናጀር ቶሎ ይለሰልሳል፤ ግን ሁሌም ይሆናል ብለህ አትጠብቅ።

በአካል ከገባህ ግን የሚያሸንፍህ ይሉኝታ ነው። ሦስት ሰዓት ያስቀምጡሃል። ውሃ ያመጡልሃል፣ ስለ ልጆችህ ይጠይቁሃል፣ «ማናጀሬን ለምኜልህ ልምጣ» እያለ ልጁ አራት ጊዜ ይመላለሳል። በመጨረሻ «ይህን ሁሉ ደክሞልኝማ ትቼው አልሄድም» ትላለህ። የእኛ ሰው እዚህ ላይ በጣም ይጎዳል፣ ምክንያቱም ያሳደገን ባህል ሰው ሲደክምልን ባዶ እጁን እንዳንመልሰው ነው። ያ መልካም ነገር ነው፣ ለጎረቤትህ አድርገው። ለዲለር ግን ሃምሳ ሺህ ዶላር አይከፈልበትም።

ስለ አገርህ ልጅም ግልጽ ልሁን። ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፣ በአማርኛ ስለሚያስረዱም ትልቅ እርዳታ ናቸው፣ በተለይ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች። ነገር ግን ዋጋውን የሚወስነው የሽያጭ ማናጀሩ ነው፣ ወለዱን የሚወስነው ፋይናንስ ቢሮው ነው። ልጁ ቢወድህም ሊያደርግልህ የሚችለው ትንሽ ነው፣ የሚከፈለውም ከኮሚሽን ነው። ክፉ አትናገረው። «ወንድሜ፣ ቁርጥ ዋጋውን በጽሑፍ ላክልኝ፣ ከሌሎቹ እኩል ከሆነ አንተ ጋ እገዛለሁ» በለው። ቅን ከሆነ ይልክልሃል። «እስከ ቅዳሜ ይዤልሃለሁ» ያለህን ግን እርሳው፤ ከዚያ መኪና ሌላ ካምሪ አለ። ማስያዣ ገንዘብ ሰጥተህ ከሆነ የሚመለስ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ዛሬውኑ ተቀበል።

ብድሩን ዲለር ከመሄድህ በፊት ጨርስ። አንድ ሁለት ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋም) ጋ አመልክትና የተፈቀደልህን መጠንና ወለድ በወረቀት ያዝ። ክሬዲቴ ይወርድብኛል ብለህ አትስጋ፣ በ14 ቀን ውስጥ የተጠየቁ የመኪና ብድሮች ለነጥብህ እንደ አንድ ጥያቄ ነው የሚቆጠሩት። ስታመለክት ኡበር እንደምትሠራበት ተናገር፣ ለዚህ ሥራ የማያበድሩ አሉና። ዲለሩ ጋ የሚሆነው ይህ ነው፦ ባንኩ ለአንተ 7 በመቶ ይፈቅዳል፣ ዲለሩ 9 ወይም 9.5 አድርጎ ይነግርሃል፣ ልዩነቱን ከባንኩ ጋር ይካፈላል። ይህ የተፈቀደ አሠራር ነው፣ የመንገር ግዴታም የለበትም። አንተ ግን በእጅህ ወረቀት ካለ «ከዚህ ዝቅ ካደረጋችሁ በእናንተ እወስዳለሁ» ማለት ትችላለህ፣ ብዙ ጊዜም ያደርጋሉ። የቶዮታ የራሱ ፋይናንስ አንዳንዴ ለጥሩ ክሬዲት የቅናሽ ወለድ ስለሚያወጣ እሱንም ጠይቅ። ከ1968 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ ከመፈረምህ በፊት የዓመቱ ወለድና ጠቅላላ የምትከፍለው ገንዘብ በግልጽ ተጽፎ እንዲሰጥህ ያዛል። ሌላውን ሁሉ ባታነብ ያንን ገጽ አንብብ።

የባትሪ ዋራንቲው ነገር ትንሽ ረዘም ይላል። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪው 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል፣ በነፃ፣ ከመኪናው ጋር። ሌሎቹ የሃይብሪድ ክፍሎች 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ናቸው። ሞተርና ካምቢዮ 5 ዓመት ወይም 60,000። ስለዚህ ባትሪ ብሎ 2,700 ዶላር የሚያስከፍልህ ሰው ያለህን ነገር መልሶ እየሸጠልህ ነው። ግን ሁሉም ላይ የሚቀድመው ይቆጠራል፣ አንተ ላይ ደግሞ የሚቀድመው ማይሉ ነው። የመጀመሪያው አጠቃላይ ዋስትና፣ 36,000 ማይል፣ በዓመት ያልቅብሃል። የሞተሩ ሁለት ዓመት አይሞላም። የባትሪው አራት ዓመት ከትንሽ። ስለዚህ ለአንተ የተራዘመ ዋራንቲ ጭራሽ አያስፈልግም አልልም። የምለው ይህን ነው፦ ከእነዚህ ውሎች ብዙዎቹ መኪናው ለንግድ ሥራ ወይም ሰው ለማመላለስ ከዋለ አንከፍልም የሚል ገጽ አላቸው። ያንን ገጽ ያሳዩህ። ኡበር ይሸፈናል የሚል በጽሑፍ ካላየህ 2,700 ዶላርህ ምንም አያደርግልህም። ቢሸፈንም ዛሬ መግዛት የለብህም፤ የፋብሪካው ዋስትና ሳያልቅ፣ ከሌላ የቶዮታ ዲለርም ቢሆን፣ ዋጋ አወዳድረህ መግዛት ይቻላል። እስከዚያ ግን በነፃ የምታደርገው ነገር አለ። በብዙ የቶዮታ ሃይብሪዶች የባትሪው ማቀዝቀዣ አየር የሚገባው ከኋላ ወንበር አጠገብ ባለ ቀዳዳ ነው። የተሳፋሪ ቦርሳና ኮት ይዘጋዋል፣ አቧራ ይሞላዋል። ማጣሪያውን እያጸዳህ ከነዳህ ባትሪው ዕድሜ ያገኛል።

ጋፕ የሚባለው ኢንሹራንስ፣ መኪናው ከጥቅም ውጪ ሲሆን በዕዳውና በዋጋው መካከል ያለውን የሚሸፍነው፣ ለአንተ ጥቅም አለው። ከዲለሩ ግን አትግዛው፣ ክሬዲት ዩኒየንህ ወይም ኢንሹራንስህ ብዙ ጊዜ በርካሽ ይሰጡሃል። እነሱም ጋ ቢሆን ኡበር ይሸፈን እንደሆነ ጠይቅ።

ጓደኛህ ስለ ካሽ የነገረህ የድሮ ነው። ዲለሩ ከብድሩ ስለሚያተርፍ ካሽ የሚከፍል ሰው ይበልጥ አያስደስተውም። ካሽም ይሁን ብድር፣ የመኪናው ዋጋ እስኪያልቅ ድረስ እንዴት እንደምትከፍል አትናገር፤ ከጠየቁህ «ዋጋው ላይ ከተስማማን የእናንተንም ወለድ አያለሁ» በል። መንግሥት ይመልሳል የተባለውም የለም። ለተራ ሃይብሪድ የነበረው የፌዴራል የታክስ ቅናሽ በ2010 አብቅቷል። በኋላ የመጣው 7,500 ዶላር ለኤሌክትሪክና በገመድ ለሚሞሉ መኪኖች ነበር፣ እሱም በመስከረም 2025 መጨረሻ ተዘግቷል። አሜሪካ ውስጥ ለተገጣጠመ አዲስ መኪና የብድር ወለድን ከገቢ የሚያስቀንስ አዲስ ሕግ አለ፣ ግን መኪናው በአብዛኛው ለግል የሚነዳ ሲሆን ነው። አንተ ወለድህን የምታስቀንሰው እንደ ሥራ ወጪ ነው፣ ታክስ ለሚሠራልህ ሰው ንገረው። የሰሜን ቨርጂኒያን ዓመታዊ የመኪና ታክስም አስብበት። አዲስ መኪና ላይ ከፍተኛ ነው፣ ከማይሉ ከግማሽ በላይ ለሥራ የሚነዳ መኪና ደግሞ ለግል መኪና የሚሰጠውን ቅናሽ አያገኝም።

የድሮ ካምሪህን ከዚህ ድርድር አውጣት። ዲለሩ አዲሱ ላይ የቀነሰልህን አሮጌዋ ላይ መልሶ ይወስደዋል። ያገለገሉ መኪኖችን የሚገዛው ካርማክስ ጋ ወስደህ ዋጋ አስጽፍ፣ ለ7 ቀን ይጸናል። አንዳንድ ስቴት አሮጌ መኪናህን ለዲለሩ ስትሰጥ ታክሱ በልዩነቱ ላይ ብቻ ይሰላል፤ ቨርጂኒያ እንደዚያ አታደርግም፣ ስለዚህ ሌላ ቦታ ብትሸጣት በታክስ የምታጣው ነገር የለም።

የምትፈርም ቀን ሦስት ነገር ተጠንቀቅ። የብድር ማመልከቻው ላይ የተጻፈውን ገቢህን አንብብ። ብድሩ እንዲያልፍ ብለው ገቢህን ከፍ አድርገው የሚጽፉ አሉ፣ የፈረምከው ግን አንተ ነህ። ሁለተኛ፣ ብድሩ ሙሉ በሙሉ ሳይጸድቅ «መኪናውን ውሰድና ሂድ» ካሉህ አትውሰድ። ከሳምንት በኋላ ደውለው «ባንኩ እምቢ አለ፣ ወለዱ ጨምሯል» የሚሉ አሉ፣ ያኔ አሮጌ መኪናህ ተሽጣ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ከዲለር የተገዛ አዲስ መኪና በሦስት ቀን ይመለሳል የሚባለው ወሬ ነው። ያ የፌዴራል ደንብ ቤት ድረስ እየመጡ ለሚሸጡ ሰዎች ነው። አንዴ ከፈረምክ ያንተ ነው። አብሮህ የሚፈርም ዘመድ ከጠየቁህም ያ ሰው ምስክር ሳይሆን እኩል ባለዕዳ መሆኑን አስረድተህ ይፈርም።

እንግዲህ የእኔ ምክር ቁርጥ ነው። ካምሪ ኤልኢ፣ ቁርጥ ዋጋው ታክስና ታርጋ ተካቶ ከ33,000 ባይበልጥ፣ ግፋ ቢል 33,500። ፓኬጅ የለም፣ የባትሪ ዋራንቲ የለም። ብድሩ 60 ወር፣ ወለዱ 7 ወይም ከዚያ በታች። የ60 ወሩ ክፍያ ከከበደህ ወሩን አታስረዝም፤ መኪናው ነው የከበደህ ማለት ነው፣ የሁለት ሦስት ዓመት ያገለገለ ሃይብሪድ ፈልግ። በዚህ ሳምንት ስድስቱም ዲለር እምቢ ካሉህ ዘይት ቀይረህ በአሮጌዋ ሥራህን ቀጥል፣ የወሩ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ያንኑ ኢሜይል እንደገና ላክ።